መትቶ ማንሳት

እትዬ ማኅተም ያን ዕለት ጠዋት የጥርስ ሳሙና አረፋ የዋጠችው ወድዳ አይደለም። መታጠቢያ ቤቱንና ማዕድ ቤቱን የሚለየው ግድግዳ ከካርቶን በምን እንደሚሻል የሚያውቀው የሠራው ግንበኛ ብቻ ነው፤ ወዲያ ማንኪያ ሲወድቅ ወዲህ ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ ሊያነሳ ይዳዳዋል። ብሩሹን እንደጎረሰች የታናሽ ወንድሟ ድምፅ መጣ። «አስገብቼዋለሁ አልኩሽ እኮ! ትናንትና። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ወረቀቱ ካለፈ በቃ፣ ጡረታ ወጣች ማለት ነው።» ሚስቱ ሻይ እያማሰለች «ሳትጠይቃት?» አለችው። «ምኑ ይጠየቃል? ከአባባ ጋር የሚውል ሰው ያስፈልጋል። እኔ ሱቅ አለብኝ፣ አንቺ ወገብሽ አልቋል። እሷ ምን አላት? አንድ ማኅተምና አንድ ከበሮ።» ማንኪያው ብርጭቆውን አንኳኳ። «ፊርማውስ?» «የእሷን ፊርማ ከእሷ በላይ አውቀዋለሁ፣ እሱን ለኔ ተዪው።» «እምቢ ብትልስ?» እዚህ ላይ ወንድሟ ሳቀ። ሳቁ ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ይሻል ነበር። «እታለም? መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች!»

አረፋው በአፏ ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ እያለ መጣ። ብትተፋው ሊሰሙ ነው፤ ሰምታለች ሊሉ ነው፤ ከዚያ ማን ቀድሞ ምን ሊል ነው? ስለዚህ ዋጠችው። እስከ ደረቷ ድረስ እየቀዘቀዛት ወረደ። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ይህን ያህል ዘመን ስትውጥ ለኖረች ሴት አንድ ጉንጭ አረፋ ምንም አይደለም። ዓይኗን በመስተዋቱ እያየች አፏን ተጉመጠመጠች፤ ቧንቧውን ሆን ብላ እያንኳኳች ከፈተች፣ እያንኳኳች ዘጋች። ማዕድ ቤት ያለው ወሬ ወዲያው ወደ ስኳር ዋጋ ተለወጠ።

ቁርሱ ሻይና ዳቦ ነው። አባባ ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አርባ ዓመት የሰው ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው ዓይናቸው ከድቷቸዋል፤ ጆሯቸው ግን የጉንዳን እርምጃ ይቆጥራል። ከሁለት ወር በፊት ውኃ ላፍላ ብለው ጋዙን ከፍተው ክብሪቱን ረስተውት ተገኙ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን አይተዉም። የወንድሟ ሚስት ወገቧን በሻርፕ ጠፍራ ቆማ ትበላለች፤ ከተቀመጠች መነሳቱ ሌላ ሥራ ነው። ወንድሟ የስኳሩን ዕቃ አነሳና ለእትዬ ማኅተም አቀበላት። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ! ባትሰማም ኖሮ ከዚህ ታውቅ ነበር። አመሰገነችው፤ ስኳር እንደማትጠቀም ይህን ያህል ዘመን አብሯት ሲኖር አለማወቁን አላነሳችበትም። ቦርሳዋን ልታመጣ ወደ ክፍሏ ስትገባ ከበሮዋ ቆዳ ላይ ሦስት ጥንድ እርጥብ ካልሲ ተሰጥቶ አገኘች። ካልሲዎቹን አንስታ ወንበር ላይ አደረገቻቸው። ቆዳውን በመዳፏ ስትነካው እንደ ታመመ ሰው ግንባር ለስልሶ በርዷል። ከሳሎን አባባ «የትላንትናው ሦስተኛው ምት አሁንም ይዘገያል» አሉ፤ ለማንም አላሉም። ከበሮዋን በያዘች በአራት ወር ውስጥ ያሏት ይህንኑ ብቻ ነው። ወንድሟና ሚስቱ ከበሮው ሽማግሌውን ይረብሻል ይላሉ፤ ሽማግሌው ግን የሚረብሻቸው መዘግየቱ ነው።

መሥሪያ ቤቱ አምስት ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ግን ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ተስፋ ይቆርጣል። የእትዬ ማኅተም ክፍል ምድር ቤት ነው። መስኮቱ ከመኪና ማቆሚያው ወለል ጋር ስለሚስተካከል ቀኑን ሙሉ የምታየው ጎማ ብቻ ነው፤ አለቆቹን በፊታቸው ሳይሆን በጎማቸው ለይታ ታውቃለች። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ ማኅተም መትታለች። ተላላኪው ጋሽ መብረቅ እንደሚሉት ከሆነ ከመምታቷ ብዛት የጠረጴዛው እግሮች አንድ አንድ ጣት ወደ ሲሚንቶው ሰምጠዋል። አንድ ጊዜም ወረቀቱ ላይ ያረፈች ዝንብ ሳታይ መትታት፣ ዝንቧ ክብ ሰማያዊ ማኅተም በጀርባዋ ተሸክማ ማንም «ወዴት ነሽ?» ሳይላት ከኃላፊ ኃላፊ ቢሮ ስትገባ ስትወጣ ከርማለች። ጋሽ መብረቅ የሚሉትን ሁሉ ማመን አይገባም፤ ዝንቧን ያየ ሌላም ሰው አለ ይባላል እንጂ።

ለማያውቅ ሰው የማኅተም ሥራ መምታት ይመስለዋል። አይደለም፤ መቆየት ነው። ቀኝ እጅ ይወርዳል፣ ይረግጣል፣ ቀለሙ ወረቀቱን እስኪላመድ አንድ ትንፋሽ እዚያው ይቆያል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ይነሳል። ግራ እጅ ደግሞ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ጥፍንግ አድርጎ ይይዛል፤ ሌላ ሥራ የለውም፣ ዕድሜውን ሙሉ መያዝ ነው። ቶሎ ያነሱት ማኅተም ግማሽ ጨረቃ ይሆናል፤ ዙሪያው ሙሉ የማይነበብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ደግሞ በደንቡ ዋጋ የለውም፣ ወደ መጣበት ይመለሳል። በሃያ ስድስት ዓመት ከእትዬ ማኅተም ጠረጴዛ ወጥቶ የተመለሰ ወረቀት የለም። አንድም። ይህን አምስቱም ፎቅ ያውቃል። ለዚህ ብሎ የሸለማት የለም፤ ስሙን ብቻ ሰጧት፣ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ አሁን የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ መብረቅ እቅፍ ሙሉ ወረቀት ይዘው ገቡ። መብረቅ ያላቸው ከምድር ቤት አንደኛ ፎቅ ለመውጣት የሚፈጅባቸውን ጊዜ የታዘበ ቀልደኛ ነው። «ማኅተሜ፣ ዛሬ እጄን ማርልኝ ብለሽ ጸልዪ» አሉና ክምሩን አስቀመጡት። «በፈቃዳቸው ጡረታ የሚወጡት ሰዎች መዝገብ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ለከርሞ ነው። አስር ሰዓት ላይ መጥቼ እወስደዋለሁ።» አስር ሰዓት ያሉት ደረጃውን አስልተው ነው። እሷም ጀመረች፤ ወረደች፣ ረገጠች፣ ቆየች፣ ተነሳች። አስራ ሁለተኛው ወረቀት ላይ እናቷ ያወጣችላትን ስም አገኘችው።

ማመልከቻው አጭር ነው። «በጤናና በቤተሰብ ጉዳይ ምክንያት በራሴ ፈቃድ» ይላል። ከታች ፊርማ አለ፤ ፊርማዋ ነው። የኋለኛው ጭራ ትንሽ ማጠሩን ባታስተውል ኖሮ ራሷን ትጠረጥር ነበር። ተገርማ ሳይሆን ደክሟት ዓይኗን ጨፈነች። ዘዴውን ያስተማረችው እሷ ናት። ወንድሟ ልጅ እያለ ውጤቱ በተበላሸ ቁጥር የወላጅ ፊርማ የሚፈለግበትን ወረቀት ይዞ እያለቀሰ ይመጣ ነበር፤ እሷም አባባ ሳይመቱት በአባባ ፊርማ ታድነው ነበር። አጠገቧ ተቀምጦ አፉን ከፍቶ ሲያያት፣ «ፊደሉን አትይ፤ የእጁን አካሄድ እይ» ትለዋለች። አየ። ይኸው ደኅና አድርጎ አየ።

አሁን ምን ይደረጋል? ይህ ፊርማ የእኔ አይደለም ብትል ወንድሟ ሐሰተኛ ሰነድ አቀረበ ሊባል ነው፤ ጉዳዩ ከምድር ቤት ተነስቶ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ይሄዳል፣ የአባቷን ልጅ በገዛ አፏ ልታሳስር ነው። ወረቀቱን ብትደብቀው፣ የገባው ሁሉ በቁጥር ተመዝግቧል፤ አንዲት ቁጥር ከጎደለች የሚጠየቁት ጋሽ መብረቅ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ዕድሜያቸው ጥያቄ አይችሉም። ብትመታው ግን ነገ ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ የምትወጣበት በር የለም። ሳሎን ቁጭ ብላ አባባ የሚሰሙትን መስማት፣ ወንድሟ የሚያቀብላትን ስኳር መቀበል ነው። የምሳ ሰዓቷም አለቀላት፤ በቀን ውስጥ ማንም ሳያዛት የራሷን እጅ የምታነሳባት አንዲት ሰዓት እሷ ነበረች። ወረቀቱን ከክምሩ ሥር ከተተችው። ሌሎቹን መምታቷን ቀጠለች፤ በየመካከሉ ግን ግራ እጇ ሳታዝዘው ወደ ሥር እየገባ መኖሩን ያረጋግጣል።

ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ የወጣቶች ማዕከል የሚባል አዳራሽ አለ፤ በምሳ ሰዓት ግን ለመድኃኒት የሚሆን ወጣት አይገኝበትም። በሚያቃጭሉ የብረት ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት ጀማሪዎች አራት ናቸው፦ ጉልበቱን የሚያመው ባለታክሲ፣ ከሌሊት ተራ ወጥተው እንቅልፋቸውን የሚታገሉ ሁለት ነርሶች፣ እና እትዬ ማኅተም። ከአራት ወር በፊት ዳቦዋን ይዛ በመስኮቱ ሥር ስታልፍ ድምፁን ሰምታ ቆመች። አስተማሪው አያትና በሩን ከፈተላት። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ነው የሚባለው፤ ይግቡና ይደናገሩ» አላት። ገባች፤ እስከ ዛሬም ተደናግራለች። አስተማሪው ቀጭን ሰው ነው፤ ስለ ቆዳ እንጂ ስለ ሌላ ነገር ስለማያወራ ጋሽ ቆዳ ይሉታል። በአርባ ዓመቱ ጋሽ መባሉ ደስ ይለዋል።

ሁልጊዜ የሚጀምረው አንድ ዓይነት ነው። ቀለበት ይወልቃል፣ ሰዓት ይወልቃል። ሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ ከበሮው በሁለት ጉልበት መሐል ተይዞ ድምፁ ከሥሩ እንዲወጣ ትንሽ ወደ ፊት ይዘማል። ትከሻ ይወርዳል። ከዚያ ሦስት ድምፅ አለ። ወፍራሙ በሙሉ መዳፍ ቆዳው መሐል ላይ የሚያርፈው ነው። ክፍቱ ጣቶች ተገጣጥመው ጠርዙ ላይ የሚያርፉበት ነው። ስለታሙ ጣቶቹ ላላ ብለው እንደ ጅራፍ የሚነኩት ነው፤ እሱ ለጀማሪ አይደለም። ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ፣ ቀስ ተብሎ ይቆጠራል። ባለታክሲው ስለታሙን ካልመታሁ ብሎ አንድ ሳምንት ጣቱ አብጦ መሪ መያዝ አቅቶት ነበር። ጋሽ ቆዳ ያኔ «ድምፅ የሚወጣው ከጉልበት ቢሆን ኖሮ አናጺ ሁሉ ሙዚቀኛ ነበር» አለው። የእትዬ ማኅተም ችግር ግን ሌላ ነው፤ ጋሽ ቆዳ በአስራ አምስት ዓመት ማስተማር እንዲህ ያለ ገጥሞት አያውቅም። ቀኝ እጇ ቆዳው ላይ ይወርዳል፣ ይረግጣል፣ አንድ ትንፋሽ ይቆያል። ግራዋ ደግሞ ተራዋን ትታ ጠርዙን ጥፍንግ አድርጋ ትይዛለች። ከበሮው «ድፍ» ይላል፤ ትራስ እንደመታ ሰው። ሁለተኛው ምት የግራዋ ነበር፤ ግራ እስኪለቅና እስኪደርስ የሦስተኛውም ጊዜ ያልፋል፤ አባባ ከሳሎን የሚሰሙት ይህንን ነው።

«እትዬ፣ ግራ እጅዎ ምን ይዟል?» ብሎ ጠይቋት ነበር አንድ ቀን። ሳታስበው «ወረቀት» አለች። ነርሶቹ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ሳቁ፤ ባለታክሲውም ከዚያ ወዲህ በገባች ቁጥር «እትዬ፣ የኔን መንጃ ፈቃድም ይምቱልኝ እንጂ!» ይላታል። ዛሬም አላት። ዛሬ ግን መልስ የምትሰጥበት አቅም አልነበራትም፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአዳራሹን ከበሮ ያዘች። ጋሽ ቆዳ ኪሱ ውስጥ የጠመኔ ስባሪ ያኖራል። እጁ ላይ አድቅቆ ዱቄቱን ቆዳው ላይ ነሰነሰላት። «ይምቱ» አላት። መታች፤ ድፍ። እጇን ስታነሳ አምስት ጣትና አንድ መዳፍ ቆዳው ላይ ቁልጭ ብሎ ታተመ፤ መስመሩ ሳይቀር ይነበባል። እንዲህ ያለ አሻራ ፖሊስ ጣቢያም አይገኝም።

«ይኸው» አለ ጋሽ ቆዳ። «እጅ ከቆየ ቆዳው ይሞታል፣ ከሞተ አሻራ ይይዛል። እጅ ወዲያው ከተነሳ ቆዳው ይንቀጠቀጣል፣ ዱቄቱን ያዘልለዋል፣ ምንም አይቀርም። የእኔ አስተማሪ የተኛች ድመት ጀርባ ላይ ቢመታ ድመቷ አትነቃም ነበር። እንዲያውም ያንኮራፋታል።» ባለታክሲው «ድመት ታንኮራፋለች እንዴ?» ቢለው «እሱ ሲመታ ነዋ!» አለ። እትዬ ማኅተም ግን አትስቅም። ትከሻዋ ከጠዋት ጀምሮ የከበዳትን ያህል ወርዷል። ክንዷን አነሳችው፤ አውርዶ ለመርገጥ የሚሆን ጉልበት ፈለገችና አጣች። አራት ወር ሙሉ ስትፈልግ፣ ስትጥር፣ ጥርሷን ስትነክስ ነበር። ዛሬ ደከማት፤ ለቀቀችው። ክንዷ በራሱ ክብደት ወደቀና ቆዳው መልሶ ወረወረው። ክፍት፣ ክብ፣ ጥርት ያለ ድምፅ አዳራሹን ዞረ። ግራዋም የምትይዘው ነገር እንደሌለ ገባት መሰል ተከተለች። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ዱቄቱ እንደ ትንኝ መንጋ ከቆዳው ላይ ብድግ ብሎ ጨፈረ፤ የቅድሙ የእጅ ምልክት ከጣቶቹ ጫፍ እየፈረሰ ጠፋ።

«አሁን ምን አደረጉ?» አለ ጋሽ ቆዳ ቀስ ብሎ፤ የነቃ ሕፃን እንዳያስደነግጥ የሚያወራ ይመስላል።

«ምንም» አለች። «ደክሞኝ ነው።»

«እንግዲያው ይበርቱና ይድከምዎ!» አለና ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን ቆዳውን ትኩር ብላ እያየች ነበር። አሻራ የለበትም። የምሳ ሰዓቱ አልቆ ሌሎቹ ወንበር ሲያነሱ እሷ አሁንም ያንን ባዶ ቆዳ ታያለች።

ከሰዓት በኋላ በጥንቃቄ ሠራች። እጇ አዲሱን ጠባይ ይዞ እንዳይመጣ ፈርታ እያንዳንዱን ወረቀት ረገጠች፣ ቆየች፣ አነሳች፤ ክቡ ሁሉ ሙሉ ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ይነበባል። የሰው ጡረታ ነው፤ የሰው እንጀራ በእሷ ድካም አይበላሽም። አስር ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት ቀረች። ከመስኮቱ ውጭ የኃላፊው ጎማ ቆሟል። ማኅተሙን ቀለሙ ላይ ነካ አደረገችው። ግራ እጇ በልማዱ ወረቀቱን ሊይዝ ተዘረጋ፤ «ተው» አለችው፣ በቃል ነው ያለችው፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ትከሻዋን አወረደች። በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ወረቀት አልተመለሰባትም፤ ጠዋት ስትነሳ ያላት ብቸኛ ነገር ይህ ነበር፣ ሌላ የሚቆጠር ንብረት የላትም። ክንዷን ለቀቀችው። ወደቀ፣ ተመልሶ ተነሳ፤ ጠረጴዛው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ወረቀቱ ላይ ከታች በኩል እንደ ተቆረጠ ጥፍር የቀጠነች ሰማያዊ ጨረቃ ቀረች።

ጋሽ መብረቅ መጥተው ወረቀቶቹን ሲሰበስቡ ከላይ ያለችውን አዩዋት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠርገው መልሰው አደረጉት። ስሙን አነበቡ። «ማኅተሜ፣ ይህቺ እኮ አልያዘችም።»

«እንደዚያው ይውሰዷት፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ክምሩን አቀፉ። ዝንብ ማኅተም ተሸክማ ስትዞር ያዩ ሰው፣ ይህንን ግን ለማንም እንደማያወሩት በፊታቸው ይታወቅ ነበር። «ደረጃው ዛሬ ረዝሟል» አሉ። «እንደው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንሽ ማረፌ አይቀርም።» እየተጎተቱ ወጡ። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩ ጮኸ፤ የሠራተኛ አስተዳደሯ ልጅ ናት። «እትዬ ማኅተም፣ ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው? የእርስዎ ማመልከቻ ላይ ያለው ማኅተም አይነበብም እኮ! መልሼዋለሁ። አዝናለሁ፣ መዝገቡን ደግሞ መዝጋቴ ነው፤ ለከርሞ ካልሆነ...» እትዬ ማኅተም «ግድ የለም፣ የኔ እመቤት» ብላ ዘጋች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር። ያገኛት ግን ጥርስ የነቀለ ሰው ስሜት ነው፤ ሕመሙ የለም፣ ምላስ ግን ባዶ ቦታውን ይፈልጋል።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። ሳሎን ውስጥ የወንድሟ ሚስት ድንች ትልጣለች፤ ወንድሟ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ እንደ ጠላት ያየዋል። አባባ ክፍላቸው ውስጥ ናቸው፣ በሩ ገርበብ ብሏል። «ምነው ፊትህ?» አለችው እትዬ ማኅተም።

«ምንም። አንድ ጉዳይ ነበረኝ፣ አልሆነም።»

«ምን ሆኖ?»

«ደውዬ ብጠይቅ ማኅተሙ አልያዘም...» አለና እዚያው ላይ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። የሚስቱ ቢላ ድንቹ ላይ ቆመ። ወንድሟ መናደድ አለበት፤ ግን ለመናደድ መጀመሪያ ማመን አለበት። ጆሮው ቀላ። አሁንም ያ የተበላሸ ውጤቱን ይዞ በር ላይ የቆመው ልጅ መሰለ፤ እሷንም ያደከማት ይኼው ነው።

«ፊርማው ጥሩ ነበር» አለችው ቦርሳዋን እያስቀመጠች። «ጭራዋን ብቻ አሳጠርካት። የእኔ ጭራ ወደ ላይ ተመልሳ ነው የምትቆመው። እንደዚያ አድርጌ አላስተማርኩህም።»

«እታለም፣ እኔ እኮ ለአባባ ብዬ...»

«አውቃለሁ። ለከርሞ መዝገቡ ሲከፈት በአፍህ ጠይቀኝ። እኔም በአፌ እምቢ እልሃለሁ።» ቃሉ ሲወጣ ቀላል ነበር፤ ይህን ያህል ቀላል መሆኑን ብታውቅ በሰላሳ ዓመቷ ትጀምረው ነበር።

የወንድሟ ሚስት ቢላዋን ሳህኑ ላይ ጣለችው። «ጥሩ! አንቺ ሥራሽ፣ እሱ ሱቁ። እኔስ? ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ በር ወዲያ ሳልሻገር፣ ሰውነቴ እንደ አሮጌ ወንበር እየተንቋቋ፣ እኔን የጠየቀኝ ማን አለ?» እያለቀሰችም አልነበረም፤ ዝም ብላ ደክሟታል። እትዬ ማኅተም አየቻት። ጠዋት እንደ ጠላት ስትሰማት የነበረችው ሴት «ሳትጠይቃት?» ያለችው ብቸኛ ሰው መሆኗ አሁን ነው ትዝ ያላት። «እውነትሽን ነው» አለቻት። «ቅዳሜና እሑድ እኔ አለሁ፣ አንቺ ውጪ፤ ወዴት ብዬም አልጠይቅሽ። በሌላው ቀን አባባን እሱ ሱቁ ይውሰዳቸው። ያን ያህል መለዋወጫ ያለበት ሱቅ አንድ ወንበር አያጣም።»

«ሱቅ? በዚያ ሁሉ ብረት መሐል?» አለ ወንድሟ።

«ይውሰደኝ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። አባባ ናቸው። «እዚህ ቤት ሰዓቱ ሁሉ በባትሪ ነው፣ ነፍስ ያለው ድምፅ አይሰማም! ብረቱ ይሻለኛል። ደግሞ ስለ እኔ ስታወሩ እኔን የማትጠይቁኝ ሞቻለሁ እንዴ?»

ሚስትየው ድንቿን አነሳች፣ ወንድምየውም ሳይታዘዝ ሁለተኛ ቢላ ፈልጎ ከአጠገቧ ተቀመጠ፤ ልጣጩ ከድንቹ ይወፍራል። እትዬ ማኅተም ወደ ክፍሏ ገባች። ካልሲዎቹ ወንበሩ ላይ ደርቀዋል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ከበሮውን በጉልበቷ ያዘች፣ ትከሻዋን አወረደች፤ ለማውረድ መጣር አላስፈለጋትም። ቆዳው ቀን በደረቅ አየር ውሎ ተመልሶ ጠንክሯል። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። አቆመች። ቀኝ መዳፏ ጠርዝ ላይ በሳሙና ያልለቀቀ የማኅተም ቀለም ስላለ ቆዳው ላይ ምልክት ትቶ እንደሆን ጎንበስ ብላ አየች። አልተወም። ደግማ ጀመረች፣ አሁን በግራ፤ ቀስ ብላ፣ እየቆጠረች፣ እጇ በወደቀ ቁጥር ቆዳው እየመለሰላት። በሁለቱ ክፍሎች መሐል ያለው ግድግዳ ያው ካርቶኑ ነውና አባባ እንደሚያዳምጡ ከትንፋሻቸው ያስታውቃል።

«ሦስተኛው ደረሰ» አሉ በመጨረሻ። ትንሽ ቆዩና፣ «አሁን ደግሞ አንደኛው ቸኮለ።»

«ነገ፣ አባባ» አለቻቸው እጇን ሳታቆም። «ነገ በምሳ ሰዓት አስተካክለዋለሁ።»